ጠያቂ የማያየው ቁስል

እሑድ ጧት በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፥ ነጠላውን ያጣፋው ሕዝብ በፒያሳ መንገዶች ሲበተን ያስተዋለ ሰው፥ ከመካከሉ አንዳንዱ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት እንደሚያመራ ይመለከታል። በአንድ እጁ ብርቱካን በፌስታል፥ በሌላው እጁ ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ ይዟል። ዳግማዊ ምኒልክ፥ የካቲት 12 እና ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታሎች ከፒያሳ ብዙ የማይርቁ ስለሆኑ፥ የአራዳ ሰው በሽተኛ ለመጠየቅ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልገውም። ይህ በሽተኛ የመጠየቅ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነውና ልንኮራበት የሚገባን መሆኑ አያጠራጥርም።

ዳሩ ግን ጠያቂ የሚያየው ፊትን ነው። ከአልጋው ራስጌ ቆሞ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ፊቱ ፈካ ማለቱን፥ ዓይኑ መገለጡን ተመልክቶ ተደስቶ ይሄዳል። ከብርድ ልብሱ ሥር፥ ከወገቡ በታች ወይም ከተረከዙ ላይ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። መጠየቅም ነውር ይመስለዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለማይታየው ነገር፥ ማለት ሐኪሞች የአልጋ ቁስል ስለሚሉት ጉዳት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈሩን ሽማግሌ ለመጠየቅ ሄዶ ነበር። ሽማግሌው በብርቱ የሳምባ ምች ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ አሥራ አንድ ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ተረድተው ዳኑ። ቤተ ዘመድ እልል አለ። ነገር ግን ከክፍሉ ወጥተው ልብሳቸው ሲለወጥ፥ ከወገባቸው በታች መዳፍ የሚያህል ቁስል ተገኘ። የሳምባው በሽታ በአሥራ አንድ ቀን የለቀቃቸውን ሰው፥ ቁስሉ አምስት ወር አስተኛቸው። የሐኪም ቤቱን ስም መጥራት ጥቅም የለውም፤ ነገሩ በብዙ ቦታ ሊደርስ የሚችል ነውና። ልጃቸው «እንዴት ሳታዩት ቀራችሁ?» ብላ ስትጠይቅ፥ ነርሷ በትሕትና «ሌሊት ሁለት ነን፥ እህቴ» ብላ መለሰችላት። የልጅቱ ጥያቄም፥ የነርሷ መልስም እውነት ነው። በሁለቱ እውነቶች መካከል ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው? ወጣት ተማሪዎቻችንና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን እንዲያስቡበት የምንፈልገው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን አንድ ቦታ ጸንቶ አያድርም፤ ጎኑ ሲደነዝዝ ሳይነቃ ይገላበጣል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪም ሳያስበው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመዝናል። ይህ እንቅስቃሴ ሥጋችንን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። አጥንት ከቆዳ ሥር በቀረበበት ቦታ ሁሉ፥ ማለት ከወገብ በታች፥ በዳሌ፥ በተረከዝ፥ በቁርጭምጭሚት፥ በክርን፥ በትከሻ አጥንትና በራስ ቅል ኋላ፥ የሰውነት ክብደት ሥጋውን በአጥንትና በፍራሽ መካከል ይጫነዋል። በዚያን ጊዜ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ሥጋው ደም፥ ከደሙም ጋር የሚመጣውን ኦክሲጅንና ምግብ ያጣል። ጫናው ፈጥኖ ከተነሣ ደሙ ተመልሶ ይገባል። ካልተነሣ ግን ሥጋው ከውስጥ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ላይ ላዩን ትንሽ መስሎ የሚታየው ቁስል፥ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሰፊ ጉድጓድ የያዘ ነው።

ለዚህም ሦስት ረዳቶች አሉት። አንደኛው ሕመምተኛው ወደ ታች ሲንሸራተት ወይም ሲጎተት፥ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ወደ ፊት መሄዱ ነው። ሁለተኛው ርጥበት፥ ይኸውም ላብ፥ ሽንትና ዓይነ ምድር ቆዳውን ማራሱ ነው። ሦስተኛው የምግብ ማነስ ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድነት የተሸከመ ነው። በማደንዘዣ ስለተኛ ሕመሙ አይሰማውም፤ ቢሰማውም መገላበጥ አይችልም፤ ቱቦ በአፉ ስላለ መናገር አይሆንለትም። የደም ግፊቱን ከፍ ለማድረግ የሚሰጡት መድኃኒቶችም የቆዳውን ደም ሥሮች ያጠብባሉ። ከዚህም በላይ ሕይወቱን የሚያድኑት ዕቃዎች ራሳቸው ያቆስሉታል፤ የኦክሲጅን ጭንብል የአፍንጫን አጥንት፥ ቱቦ ከንፈርን፥ ማሰሪያ ጆሮን ይጫናል። የአገራችን ሕዝብ የጽኑ ሕሙማን ክፍልን ስም አዘውትሮ የሰማው፥ የኮሮና በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን በየአገሩ ሕመምተኞች አየር እንዲያገኙ በሆዳቸው እንዲተኙ ይደረግ ነበር፤ በዚህም ጊዜ ቁስሉ ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ጉንጭና ወደ ግንባር እንደሚዛወር ታየ። ጫና በሄደበት ሁሉ ቁስል ይከተለዋል።

ሰዎች ይህን ቁስል የሚመለከቱበት አስተያየት በየጊዜው ተለዋውጧል። በ19ኛው መቶ ዓመት ዝነኛው ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ፥ ቁስሉ የሚመጣው ከነርቭ ጉዳት ስለሆነ ማስቀረት አይቻልም የሚል አሳብ ነበራቸው። ሌላው ሊቅ ብራውን ሴካር ግን ሽባ የሆኑ እንስሳት ንጽሕናቸው ከተጠበቀና ጫና ካልበዛባቸው እንደማይቆስሉ አሳዩ። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ባሳተሙት የአስታማሚዎች መጽሐፍ፥ የአልጋ ቁስል በጠቅላላው የበሽታው ሳይሆን የአስታማሚው ጉድለት መሆኑን አስገንዝበው ነበር።

አሳቡን በሥራ የፈጸሙት ግን ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። እኒህ ከጀርመን አገር ተሰደው እንግሊዝ የገቡ ሐኪም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል የጀርባ አጥንታቸው በጦርነት የተጎዳ ወታደሮችን ተቀበሉ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቁስልና ከሽንት ቧንቧ በሚነሣ መመረዝ ይሞት ነበር። ጉትማን አዲስ መድኃኒት አላመጡም፤ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ሕመምተኛው ሁሉ እንዲገላበጥ አዘዙ፤ ትእዛዙ መፈጸሙንም ራሳቸው ሌሊት እየመጡ ይቈጣጠሩ ነበር። ሞት የሚጠበቅባቸው ሰዎች ተቀምጠው ቀስት መወርወር ጀመሩ፤ ከዚያም የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር ተወለደ።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በሮም፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ጀግናችን ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሰውነቱ ሽባ በሆነ ጊዜ የታከመው በዚያው በስቶክ ማንደቪል ነበር። ስምንት ወር ያህል በዚያ ቆየ። በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ሲወዳደር ዓለም አየው። እስከ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ድረስም በሕይወት ኖረ። ዓለምን በባዶ እግሩ ያስደነቀ ሰው፥ እግሩ መንቀሳቀስ ባቃተው ጊዜ ያስፈለገው የሌሎች ሰዎች እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመለኪያ የሚሠራበት ሆኗል። ነርስ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ያወጡት መለኪያ፥ ማን ለቁስል እንደተጋለጠ አስቀድሞ ለመለየት ረዳ። በ1987 የወጣው የብሬደን መለኪያም ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፤ እነዚህም የሕመም ስሜት፥ ርጥበት፥ ከአልጋ መነሣት፥ በአልጋ ላይ መገላበጥ፥ ምግብ፥ መንሸራተትና መፋተግ ናቸው። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን፥ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አደጋው ይበዛል። መለኪያው ወረቀት ብቻ የሚፈልግ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አይደለም።

እዚህ ላይ ለሕክምናና ለነርስነት ተማሪዎቻችን አንድ ልዩ ነገር እናሳስባለን። ከውጭ አገር የመጡት ብዙዎቹ መጻሕፍት የቁስሉ የመጀመሪያ ምልክት የቆዳ መቅላት እንደሆነ፥ በጣት ሲጫኑትም ቀዩ መልክ ካልጠፋ አደጋ መኖሩን ያስተምራሉ። ይህ በነጭ ቆዳ ላይ በቀላሉ ይታያል። በእኛ በጠይሙና በጥቁሩ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መቅላት የሚጠብቅ ተማሪ፥ ቆዳው ተልጦ እስኪያገኘው ድረስ ምንም አላየሁም ሊል ነው። መፍትሔው በእጅ መዳሰስ ነው። ቦታው ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ጠጥሯል ወይስ ልል ሆኗል? ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሯል ወይስ ወደ ወይን ጠጅ መልክ አድልቷል? መናገር የሚችል ሕመምተኛም ያመው እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ በመብራትና በመዳፍ የሚደረግ ምርመራ በየቀኑ፥ በጽኑ ሕሙማን ክፍልም በየተረኛው ሊደረግ ይገባዋል።

አጠባበቁ ራሱ ምን ምን እንደሆነ ባጭሩ እንግለጽ። ሕመምተኛው ሲገላበጥ በዳሌ አጥንቱ ላይ ድፍት ብሎ አይተኛ፤ ከኋላው ትራስ ተደግፎ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ጎን ያዘንብል። ከፍ ሲደረግ አይጎተት፤ ሁለት ሰዎች ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ ያንሡት። ትራስ ከባቱ ሥር ተደርጎ ተረከዙ ከፍራሹ ተነሥቶ ይዋል። የአልጋው ራስጌ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲነሣ ሕመምተኛው ይንሸራተታል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ያለ ሰው ግን የሳምባ ምች እንዳይዘው ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ መነሣት አለበት። እንዲህ ሁለት ደኅንነቶች ሲጋጩ አስቀድሞ የአልጋውን የጉልበት በኩል ማንሣት መንሸራተትን ይቀንሳል። ሽንትና ዓይነ ምድር ወዲያው ይጸዳ፤ ቆዳው በቀስታ ደርቆ ቫዝሊን ወይም ሌላ መከላከያ ቅባት ይቀባ። አንሶላው አይጨማደድ፤ ቱቦና ሽቦ ከጎኑ ሥር አይቅር። በየጭንብሉና በየቱቦው ሥርም ያለው ቆዳ ይታይ። ምግቡ፥ በቱቦም የሚሰጥ ቢሆን፥ ሥጋ የሚገነባው ንጥረ ነገር እንዳይጎድለው ሐኪሙ ይከታተል።

በበጎ አሳብ የሚደረጉ ስሕተቶችም አሉ። የተጎዳውን ቦታ ማሸት ደም የሚመልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀጠቅጠዋል። እንደ ቀለበት ክብ የሆነ መደገፊያ ከመቀመጫ ሥር ማድረግ በዙሪያው ያለውን ደም ያግዳል። ውሃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማኖርም እንደዚሁ አይመከርም።

ሁሉም ቁስል በአስታማሚ ስንፍና የሚመጣ ነው ማለታችን አይደለም። የደም ግፊቱ በመገላበጥ ብቻ የሚወድቅ፥ እጅግ የደከመ ሕመምተኛ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሐኪሙ ጥቂት ጥቂት ማዘንበልን ሊያዝለት ይችላል። ናይቲንጌልን እየጠቀሱ ነርስን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ለምሳሌ ያህል ስድስት አልጋ ያለው ክፍል እንውሰድ። በየሁለት ሰዓቱ ቢሆን አንዱ ሕመምተኛ በቀን 12 ጊዜ፥ ስድስቱ 72 ጊዜ መገላበጥ አለባቸው። አንዱን ጊዜ ሁለት ሰዎች በአምስት ደቂቃ ቢጨርሱት 360 ደቂቃ፥ ማለት የሁለት ሰዎች ስድስት ሰዓት ሙሉ ሥራ ይሆናል። ይህም መድኃኒት ከመስጠት፥ ከመመዝገብ፥ ከማጽዳት ሌላ ነው። በጀት የሚያዘጋጅ ወጣት ባለሥልጣን ይህን ሒሳብ በጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው ይገባል። የማሽን ቁጥር ሲጨምር የእጅ ቁጥር ካልጨመረ፥ ሕመምተኛውን በማሽን አድነን በፍራሽ እንጎዳዋለን።

ፍራሽ የሚለውንም ቃል በችልታ አንለፈው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካና በካናዳ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የተደረገ ጥናት፥ በጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ለተኙ አረጋውያን በየሁለት፥ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓት መገላበጥ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል መጦሪያ ቤት ስላልሆነ ይህን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ቢሆንም ጥሩ ፍራሽ የሰው ጉልበት እንደሚቆጥብ ያስረዳናል። ስፖንጁ ተጎድጉዶ የአልጋው ብረት የሚሰማበት ፍራሽ ግን የነርሷን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የጥቂቱ ቁጠባ ኪሳራም ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰው በቁስል ምክንያት የሚይዘው አልጋ ሌላው ተሰልፎ የሚጠብቀው አልጋ ነውና።

ጉዳዩ በአገራችን መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፥ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 422 ሕሙማን ላይ የተደረገውንና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የታተመውን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። ከመቶ 16.8 የሚሆኑት የአልጋ ቁስል ተገኝቶባቸዋል። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ነገሩ በሐኪም ቤት ግቢ አያበቃም። በፒያሳ ስንመላለስ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልትና የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል እናያለን። አጼ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሽባ ከሆኑ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆዩ፤ እቴጌም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ከተገለሉ በኋላ የቀረላቸው ሥራ ባላቸውን ማስታመም ነበር። ማስታመም ንግሥትም የምትይዘው ሥራ ነው። ዛሬም ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣ ሰው በመጨረሻ የሚመለሰው ወደ ሚስቱ፥ ወደ ልጁ እጅ ነው። ድሮ በአራዳ መንደሮች በሽተኛ የሚያነሣ ጎረቤት በአንድ ጥሪ ይደርስ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በዙሪያው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነባር ነዋሪዎች ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ስለተዛወሩ፥ ያ የተለመደ ጎረቤት ለብዙው ሰው በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ አስታማሚው ቤተሰብ ከሐኪም ቤት ከመውጣቱ በፊት ማገላበጥን፥ ቆዳ መመልከትንና ተረከዝ ማንሣትን ከነርሷ ተምሮ ሊሄድ ይገባዋል። ይህ ትምህርት ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር አብሮ ቢሰጥ የሚጎዳው ማንም የለም።

አንዳንድ ወጣት ይህን ሥራ ዝቅተኛ አድርጎ ይመለከተው ይሆናል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፥ ነፃነት ሲመለስ ለአገራቸው አገልግሎት የመጡ፥ በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ያረፉ መሆናቸውን ያስታውስ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታሪክም ራሱ በተማሪ እጅ የተጀመረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን የመተንፈሻ ማሽን ስላልበቃ ተማሪዎችን ጠሩ። 1500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከአልጋ አጠገብ እየተቀያየሩ፥ አየር የተሞላውን ከረጢት ቀንና ሌሊት በእጃቸው እየጨመቁ ብዙ ሰው አተረፉ። የዛሬው ትልቅ መሣሪያ የእነዚያን እጆች ሥራ ተረከበ እንጂ፥ ሕመምተኛን የሚያገላብጠው ዛሬም እጅ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የአልጋ ቁስልም በቅጠል ዘመኑ በሁለት ሰው እጅ፥ በአንድ ትራስና በአንድ ሰዓት የሚቆም እሳት ነው፤ ከነደደ በኋላ ግን ወራትና ብዙ ገንዘብ፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍስ ይወስዳል። ስለዚህ ተማሪው መዳሰስን ይማር፤ ባለሥልጣኑ እጅና ፍራሽን በበጀቱ ውስጥ ይቁጠር፤ ኃላፊው በየአልጋው ግርጌ የተገላበጠበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት እንዲሰቀል ያድርግ። የሚመጣው እሑድ ብርቱካን ይዘን የምንሄድ ጠያቂዎችም «እንዴት አደረ?» ካልን በኋላ፥ ለተረኛዋ ነርስ በትሕትና አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ጀርባው ደኅና ነው ወይ? ስናገላብጠው ልናግዝሽ እንችላለን?» እንበላት። ያ ሽማግሌ በአምስት ወር ሥቃይ ያስተማሩን ይህን ነው።